ቆዳ ውስጥ የቀረ ዝገት፦ እግር ላይ ስለሚወጣ ቡናማ ነጠብጣብ

ጥያቄ፦ «የ46 ዓመት ሰው ነኝ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ የሚያስቆም ነው። ከስምንት ወር በፊት ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቼ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀያይ ነጥቦች ወጡ። አሁን ነጥቦቹ ተያይዘው እስከ ባቴ ድረስ ቡናማ ሆኗል። አያመኝም፤ አልፎ አልፎ ያሳክከኛል። የደም ምርመራ ተደረገልኝ፤ ሁሉም ደህና ነው ተባልኩ። ሐኪሙ ‹ቀጫጭን የደም ሥሮችህ ትንሽ ደም ያሾልካሉ፤ አያስጨንቅም› ብሎ ሸኘኝ። ደም የሚያሾልክ ሥር ይዤ እንዴት አልጨነቅ? ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል? ስኳር ነው? ካንሰር ነው? ብረት ያለበት ምግብ ልተው? ሰው መክሮኝ ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ሁለት ወር ቀባሁ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ግማሹ ቀርቷል፤ ልጨርሰው?»

መልስ፦

ሐኪምዎ ትክክል ይመስሉኛል። ግን መልሳቸው አጠረ። «ደምህ ይሾልካል» ተብሎ የተሸኘ ሰው ሌሊት በሕልሙ ቀዳዳ ቧንቧ ቢያይ አይፈረድበትም። እግርዎን በዓይኔ አላየሁም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ብቻ ምርመራ ላጸድቅ አልችልም። የጻፉት ታሪክ ግን እኛ የቆዳ ሐኪሞች ደጋግመን የምናየውን ነገር በደንብ ይገልጻል።

ከቀለሙ ልጀምር። እሱ ከገባዎት ግማሹ ጥያቄዎ አብሮ ይመለሳል።

ልብ ደም የምትልክባቸው ሥሮች እየቀጠኑ እየቀጠኑ ሄደው መጨረሻ ላይ ካፒላሪ የሚባሉትን ይፈጥራሉ። የካፒላሪ የውስጥ ስፋት ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ነው። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ቀይ የደም ሴል ደግሞ ራሱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮን ይሰፋል። እንግዲህ አስቡት፤ ሴሎቹ በአንድ ሰልፍ፣ አንዳንዴም ተጣጥፈው ነው የሚያልፉት። ግድግዳው ደግሞ የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ኦክስጅንና ምግብ በቀላሉ እንዲያልፍ ተብሎ የተሳሳ ግድግዳ ነው።

ይህ ግድግዳ በትንሹ ሲቆጣ ይላላል። ያኔ ጥቂት ቀይ ሴሎች ሾልከው ወደ ቆዳው ይገባሉ። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው። ደም ማነስ አያመጣም፤ ከቆዳው ላይም ደም አይንጠባጠብም። ያዩት ቀይ ነጥብ ያ ነው።

የወጣ ሴል ወደ ሥሩ አይመለስም። ማክሮፌጅ የሚባሉ የሰውነት ጽዳት ሠራተኞች መጥተው ይውጡታል። ውስጡ ያለውን ሄሞግሎቢን ይፈታቱታል። አንዱ ክፍል መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆኖ ይሄዳል። ሰው ተመትቶ ሲበልዝ ቀለሙ በየቀኑ የሚቀያየረው በዚሁ ምክንያት ነው። ብረቱ ግን ይቀራል። ሰውነታችን ብረት መጣል አያውቅም፤ ቋጣሪ ነው። ሄሞሲደሪን በሚባል ቡናማ ክምችት መልክ እዚያው ቆዳ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቀለሙ የዝገት ቀለም ነው። ዝገት ብለው ቢጠሩትም ብዙ አልተሳሳቱም፤ ሁለቱም ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደ ብረት ናቸው። ከቆዳው ትንሽ ናሙና ወስደው ማክስ ፐርልስ በ1867 ባስተዋወቀው ኬሚካል ሲያቀልሙት፣ ያ ብረት በማይክሮስኮፕ ስር ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ የእርስዎ ቡናማ ቀለም ከማድያት ጋር ዝምድና የለውም። ማድያት የሜላኒን፣ ማለትም የቆዳው የራሱ ቀለም፣ መብዛት ነው። የእርስዎ ግን ከደም የተረፈ ብረት ነው። ቆዳ የሚያነጣ ክሬም የሚሠራው ሜላኒን ላይ ነው። ብረቱን አይነካውም። ሁለት ወር ቀብተው ጠብ ያላለው ለዚህ ነው። ወደ ክሬሙ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ ሌላም ነገር አለበት።

አሁን እግርዎን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ይችላሉ። ቀዩ ነጥብ አዲስ ነው፤ የዚህ ሳምንት ወይም ያለፈው ሳምንት ሊሆን ይችላል። ቡናማው የቆየ ነው። አዳዲስ ቀይ ነጥብ እየጨመረ ከሆነ ማሾለኩ አልቆመም። ቡናማ ብቻ ከቀረ ሥሩ ተረጋግቷል፤ የቀረው የጽዳት ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በቡናማው ስፋት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምፈልገው በጠርዙ ላይ ያሉትን ቀይ ነጥቦች ነው። ቆዳዎ ጠቆር ያለ ከሆነ ቀዩ በግልጽ አይታይም፤ ገና ከጅምሩ ጥቁር ቡናማ ወይም ግራጫ ሊመስል ይችላል። በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ሆነው ይዩት።

አንድ ቀላል ሙከራም አለ። ጥርት ያለ ብርጭቆ ቀዩ ነጥብ ላይ ጫን ያድርጉ። ቀለሙ ከጠፋ ደሙ ገና ሥሩ ውስጥ ነው፤ ተራ ቁጣ ወይም የተለጠጠ ሥር ነው ማለት ነው። ካልጠፋ ደሙ ከሥሩ ወጥቷል። እርስዎ የገለጹት ዓይነት በብርጭቆ ሲጫኑት አይጠፋም።

ይህ ሁኔታ በሕክምናው ካፒላራይተስ ይባላል። የካፒላሪ ቁጣ እንደ ማለት ነው። በጣም የተለመደው ዓይነት የሻምበርግ በሽታ ይባላል፤ በ1901 የፊላደልፊያው የቆዳ ሐኪም ጄይ ሻምበርግ ስለገለጸው ነው ስሙን ያገኘው። ቡናማ መደብ ላይ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ይህ ንጽጽር በመማሪያ መጻሕፍትም አለ። ወንዶች ላይ ይበዛል። ሌሎች ዘመዶችም አሉት። አንዱ እንደ ቀለበት ክብ ይሠራል፤ አንዱ በአንድ እግር ላይ ብቻ ወርቅማ ጥፍጥፍ ሆኖ ይወጣል፤ አንዱ ደግሞ ክፉኛ ያሳክካል። ስማቸው ይለያይ እንጂ ታሪካቸው አንድ ነው።

ለምን እግር ላይ? ለምንስ ክንድ ላይ አይሆንም? ነገሩ ወዲህ ነው። ዝም ብለው ሲቆሙ፣ ከልብዎ እስከ ቁርጭምጭሚትዎ ያለው ደም እንደ ረጅም የውኃ ዓምድ ይጫናል። በአንድ አዋቂ ሰው የእግር ደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት ያኔ ወደ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት የሚለካበት መለኪያ ነው) ይደርሳል። መራመድ ሲጀምሩ የባት ጡንቻ ሥሩን እየጨመቀ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፤ ግፊቱ ከ30 በታች ይወርዳል። ባትን «ሁለተኛው ልብ» የሚሉት ያለምክንያት አይደለም። ይህ ሁለተኛ ልብ ግን የሚሠራው እግር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሰዓታት መቆም ማለት ያንን ልብ አጥፍቶ መዋል ነው። እግርን አንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ መቀመጥም ብዙ አይሻልም።

እዚህ ላይ መቆም ብቻውን በሽታውን አመጣ እያልኩ አይደለም። ብዙ ሰው ዕድሜውን ቆሞ ይሠራል፤ አንድ ነጥብ አይወጣበትም። አብዛኛውን ጊዜ የካፒላሪው ቁጣ ምክንያት አይገኝም። ግፊቱ ግን የላላውን ግድግዳ ይፈትነዋል።

ምክንያት ከተገኘ ብዙ ጊዜ መድኃኒት ነው። እናም የምጠይቅዎት አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ነጥቦቹ ከመውጣታቸው በፊት በነበሩት ሳምንታትና ወራት አዲስ መድኃኒት ጀምረው ነበር? አስፕሪን፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች፣ ፓራሲታሞል ጭምር፣ የደም ግፊት መድኃኒቶች እንደ አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን፣ ሽንት የሚያሸኑ ክኒኖች፣ አንዳንድ የስኳር መድኃኒቶች ስማቸው ተነስቷል። ቫይታሚንና ማሟያም ቢሆን ይቁጠሩት። ሰው «መድኃኒት አልወስድም» ብሎ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «እ... ለራስ ምታት አልፎ አልፎ የምወስዳት አለች» ይለኛል። እኔ የምፈልገው እሷን ነው። ዝርዝሩን ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። በራስዎ ግን ምንም አያቋርጡ። ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ማቋረጥ ከእግር ነጥብ በእጅጉ የከፋ ጣጣ ያመጣል።

አሁን ደግሞ ቸል እንዳይባል የምፈልገው ነገር። ደም ወደ ቆዳ የሚሾልክበት ሌላ መንገድ አለ፤ ከላይ ሲያዩት ይመሳሰላል፤ አያያዙ ግን የተለየ ነው። ደም መልስ ሥሮች ውስጥ ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚያግዱ ትንንሽ በሮች አሉ። እነዚህ ቫልቮች ሲደክሙ ግፊቱ ሲራመዱም አይወርድም። ካፒላሪው ጤነኛ ቢሆንም ጫናው ደሙን ያስወጣዋል። ያኔ ቡናማው ቀለም በብዛት የሚጀምረው ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጠኛው ጎን ነው። ማታ ማታ እግር ያብጣል፤ የካልሲው ላስቲክ ምልክት ጥሎ ይቀራል። እግር ይከብዳል። የተጠማዘዙ ሥሮች ቆዳ ላይ ጎልተው ይታያሉ። ቆዳው ይደርቃል፣ ይቀረፋል፣ ያሳክካል። ዓመታት ሲቆጠሩ ይጠነክርና እንደ እንጨት ይሆናል፤ ከዚያ ቶሎ የማይድን ቁስል ሊከፈት ይችላል።

እርስዎ እብጠት አልጠቀሱም። ግን ቆሞ የሚሠራ ሰው እብጠቱን ይለምደዋል፤ እንደ ድካም ይቆጥረዋል። ዛሬ ማታ ቅልጥምዎ ላይ አውራ ጣትዎን ለጥቂት ሰከንዶች ጫን አድርገው ያንሱ። ጉድጓድ ከቀረ የደም ሥር አልትራሳውንድ ይጠይቁ። ምርመራው አያምም፤ ቫልቮቹ እየሠሩ እንደሆነ በቀጥታ ያሳያል። ሁለቱ ችግሮች አንድ እግር ላይ አብረው የሚገኙበት ጊዜም አለ።

ስኳር ነው ወይ ላሉት፦ የስኳር ሕመም ቅልጥም ላይ የሚያመጣው ምልክት አለ። ግን ክብ ወይም ሞላላ፣ ጎድጎድ ያለ፣ የቆየ ጠባሳ የሚመስል ቡናማ ምልክት ነው። በርበሬ የተነሰነሰ አይመስልም። የደም ምርመራዎ ውስጥ ስኳር ከሌለ ግን ያሠሩት። ከ40 ዓመት በኋላ ለእግሩ ባይሆንም ለራሱ ይጠቅማል።

ካንሰር ነው ወይ ላሉት፦ ሰው የሚፈራው አብዛኛውን ጊዜ የደም ካንሰርን ነው። በዚያ በሽታ እግር ላይ ነጥብ የሚወጣው ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ሲያልቁ ነው። ጤናማ ቁጥራቸው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ነው። የእርስዎ የደም ቆጠራ ደህና ከሆነ ይህ ስጋት ወደ ኋላ ይሄዳል። ወረቀቱን ይዩትና ፕላትሌት የሚለው መስመር መኖሩን ያረጋግጡ። ከዚህ ሌላ፣ አልፎ አልፎ አንድ ዓይነት የቆዳ ሊምፎማ፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚወጣ የነጭ ደም ሴሎች ካንሰር፣ ካፒላራይተስን መስሎ ይመጣል። በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው። ነጠብጣቡ ለዓመታት ከቆየ፣ ከወገብ በላይ ከተስፋፋ ወይም ቆዳው ከወፈረ ናሙና እንወስዳለን። ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ክብ ቁራጭ ናት፤ በማደንዘዣ ነው የምትወሰደው። ከቆዳው ከፍ ያለ፣ ሐምራዊ ወይም ጥቁር ቡናማ እብጠት ካለ ደግሞ ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለውን የካንሰር ዓይነት ለማጣራት ናሙና የግድ ነው። ናሙና ታዘዘ ማለት ግን ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም። ይህን ሳልነግራቸው ናሙና ያዘዝኩላቸው ሰዎች ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፉት ከነገሩኝ ወዲህ ሁልጊዜ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ዓይንዎን ጨፍነው ጣትዎን በነጥቦቹ ላይ ያሳልፉ። የካፒላራይተስ ነጥብ ለጣት አይታወቅም፤ ጠፍጣፋ ነው። ጉብ ጉብ ካለ፣ ካመመ፣ ውኃ ከቋጠረ ወይም ከቆሰለ የሥር ግድግዳው ከባድ ቁጣ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጋር መገጣጠሚያ ከታመመ፣ ሆድ ከቆረጠ፣ ሽንት ከቀላ ወይም አረፋ ከበዛበት ኩላሊትም ሊነካ ስለሚችል በዚያው ሳምንት መታየት ያስፈልጋል። ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ፣ ሌላ ቦታ ሳይመቱ ከበለዙ የደም ቆጠራው ይደገም። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ በዕለቱ ይሂዱ። ትኩሳት ኖሮ በብርጭቆ የማይጠፋ ነጥብ በሰዓታት ውስጥ ከተስፋፋ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። የእርስዎ የስምንት ወር ጸጥተኛ ታሪክ ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም አይመስልም።

ወደ ላይ ይወጣል? ሊወጣ ይችላል። ጭን ድረስ የሚሄድበት ሰው አለ፤ አልፎ አልፎ ወገብና ክንድ ላይም ይታያል። ወደ ውስጥ ግን አይገባም። ኩላሊት፣ ልብ፣ አንጎል አይነካም። የቆዳ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ብረት ያለበት ምግብ አይተው። ይህን ጥያቄ ስለጠየቁ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚተወው። ቆዳዎ ውስጥ ያለው ብረት ከሥር ሾልኮ የወጣ እንጂ ከምግብ የተረፈ አይደለም። መብላት ቢያቆሙ ዝገቱ አይለቅም፤ ደም ማነስ ብቻ ያተርፋሉ።

ሕክምናውስ? እውነቱን ልንገርዎት፤ ቀለሙን ጠርጎ የሚያወጣ አስተማማኝ መድኃኒት የለንም። ለማሳከኩ መለስተኛ የስቴሮይድ (ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) ቅባት ለሁለት፣ ቢበዛ ለአራት ሳምንት እናዛለን። ማሳከኩ በራሱ ችግር አለው፤ ጥፍር የላላውን ሥር ይጎዳዋል፣ አዲስ ነጥብ ይጨምራል። ቆዳው ከደረቀ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ከገላ መታጠብ በኋላ ይቀቡ።

ለእርስዎ ዓይነት ሥራ እኔ ከቅባት ይልቅ ካልሲ ላይ ተስፋ አለኝ። ተራ ካልሲ አይደለም፤ በልክ ተሠርቶ ከታች ወደ ላይ እየላላ የሚጨምቅ የሕክምና ካልሲ ነው። ለጅማሬ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚለው ይበቃል፤ የቫልቭ ድካም ካለ ከ20 እስከ 30 የሚለው ይታዘዛል። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እግር ሳያብጥ ነው የሚለበሰው። ግን አስቀድሞ የእግርዎ ደም ቅዳ ይታይ። ወደ እግር የሚሄደው ደም በጠበበ ሥር ውስጥ እየታገለ ከሆነ፣ ካልሲው ይብሱን ያንቀዋል። ሲራመዱ ባትዎ ይዞዎት ካቆመዎት፣ የሚያጨሱ ከሆነ ወይም ስኳር ካለብዎት የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ከክንድ ጋር ይነጻጸር። ደቂቃዎች የሚፈጅ ነገር ነው።

ሥራ ላይ እያሉ በየተወሰነ ደቂቃ ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ሰው ሳያይዎት ይችላሉ። ሁለተኛውን ልብ መቀስቀስ ማለት ይሄ ነው። ቤት ሲገቡ ለሩብ ሰዓት እግርዎን ከልብዎ ከፍታ በላይ ያሳርፉ። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያጣብቅ ተራ ካልሲ አይልበሱ፤ ላስቲኩ ያረፈበት መስመር ላይ ነጥብ ሊበዛ ይችላል።

ቫይታሚን ሲ ሲባል ሰምተው ይሆናል። ወሬው መሠረት አለው። በ1999 በታተመ አንድ ጥናት 500 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ እና 50 ሚሊ ግራም ሩቶሳይድ የተባለ ከዕፅዋት የሚገኝ ንጥረ ነገር በቀን ሁለት ጊዜ ተሰጥቶ ነጥቦቹ ጠፍተዋል። የታከሙት ግን ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እኔ አልከለክልም፤ ተአምርም አልጠብቅም። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ግን አይሞክረው። ለማይበርድና ሕይወትን ለሚያውክ ሁኔታ በሐኪም ቁጥጥር የሚሰጥ የብርሃን ሕክምና አለ። ብዙዎችን ይረዳል፤ ሲቆም የሚመለስበት ሰውም አለ። ጸጥ ያለ፣ የማያሳክክ ነጠብጣብ ግን ምንም ሳይደረግለት ቢታይ ስህተት አይደለም።

ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ የሚቆመው አዲሱ ቀይ ነጥብ ነው። ቡናማው የሚገረጣው በወራት ነው፤ አንዳንዴ በዓመታት። በየቀኑ ካዩት ለውጡ አይታይዎትም። በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን ፎቶ ያንሱት። ወደ ሐኪም ሲመለሱም ከሚነግሩት ታሪክ በላይ ፎቶው ይናገራል።

ክሬሙን አይጨርሱት። ቀለሙን እንደማይነካው ከላይ ነግሬዎታለሁ። የከፋው ሌላ ነው። የንጥረ ነገር ዝርዝር ሳይኖራቸው የሚሸጡ ማንጫዎች ውስጥ ሜርኩሪ ተገኝቷል፤ ሜርኩሪ በቆዳ አልፎ ኩላሊትን ይጎዳል። ብርቱ ስቴሮይድም የሚገኝባቸው አሉ። ስቴሮይድ ለወራት ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ በሥሩ ዙሪያ ያለውን ድጋፍ ያቀልጣል፤ ያኔ ካፒላሪው በትንሽ ግጭት ይደማል። ደም አሾለከ ተብሎ የተቀባ ክሬም ራሱ ደም ያሾልካል ማለት ነው። ሽፋኑን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡና ቀጣይ ቀጠሮዎ ላይ ያሳዩ፤ ሐኪምዎ ምን ሲቀቡ እንደቆዩ ማወቅ አለባቸው።